ጠያቂና ተጠያቂ፦ የመርሳት ሕመም ካለባቸው ሰዎች ጋር መነጋገርን በምስለ ታካሚ የማሠልጠን ታሪክ

ከጎንደር ወደ ዳባትና ደባርቅ የሚያቀናው መንገድ የወገራን ደጋ በሚያቋርጥበት ቦታ አምባ ጊዮርጊስ ትገኛለች። እንዲህ ባለች የደጋ ከተማ በሚገኝ ጤና ጣቢያ ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናት በልጃቸው ተደግፈው ሲገቡ፣ ባለሙያው የሚያስቀድመው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የታወቀ ነው፤ ወደ ልጅቱ ዞሮ «ምን ሆነው ነው?» ይላል። ልጅቱም «ጃጅታለች እኮ፤ እሷ ምን ታውቃለች» ስትል ትመልሳለች። ከዚህ በኋላ እናትየው በክፍሉ ውስጥ ቢኖሩም በንግግሩ ውስጥ የሉም። የባለሙያው አጠራር እንኳ ሳይታወቀው ከ«እርሳቸው» ወደ «እሷ» ይወርዳል። ቁስላቸው ይታያል፣ የደም ግፊታቸው ይለካል፣ መድኃኒቱ ለልጅቱ ይሰጣል።

ይህን የመሰለውን ግንኙነት በሥልጠና መለወጥ ይቻላል የሚለው አስተሳሰብ የራሱ ታሪክ አለው። ታሪኩ የተጀመረው በሩቅ አገር ቢሆንም፣ የጎንደር የጤና ትምህርት ከመነሻው ሲከተለው ከቆየው መንገድ ጋር የሚገናኝበት ቦታ አለ።

የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል በ1954 ሲቋቋም (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከመነሻ ምክንያቶቹ አንዱ ቀደም ብሎ የደምቢያን ሜዳ የመታው የወባ ወረርሽኝ ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ የቴክኒክ ርዳታ በተባበሩበት በዚህ ተቋም ጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና ሳኒቴሪያኖች ጎን ለጎን ይማሩ ነበር። የኮሌጁ መለያ የሆነው ግን የቡድን ሥልጠናው ነው። ልዩ ልዩ ሙያ የሚማሩ ተማሪዎች አብረው ወደ ቆላ ድባና ወደመሳሰሉት የገጠር ጤና ጣቢያዎች ይወጣሉ፤ በዚያው እየኖሩ በአንድ ላይ ይሠራሉ። የታመመውን ሰው በአልጋ ላይ ብቻ ሳይሆን ከነምድጃው፣ ከነውኃ ምንጩ፣ ከነከብቶቹ እንዲያዩት ይደረጋል። በ1978 ከላይፕዚጉ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር የሐኪሞች ትምህርት በጎንደር ሲጀመርም ይህ የመንደር ልምምድ ቀሪ አልሆነም።

በዚያ ዘመን ተማሪው ወደ መንደር ይዞት የወጣው የበሽታ ዝርዝር ወባን፣ ተስቦን፣ ግርሻን፣ ሳንባ ነቀርሳን፣ የወሊድ ችግርን የያዘ ነበር። የአረጋውያን የመርሳት ሕመም በዚህ ዝርዝር ውስጥ ቦታ ባያገኝ አያስደንቅም። ለእርጅና የሚበቃው ሰው ጥቂት ነበር፤ የበቃውም ቢረሳ በቤቱ፣ በልጆቹና በልጅ ልጆቹ መካከል ይረሳ ነበር እንጂ ወደ ጤና ጣቢያ አይመጣም። ቋንቋውም ለሕመሙ ያዘጋጀው ስም የዕድሜ እንጂ የበሽታ ስም አልነበረም። «ጃጀ» የሚለው ቃል አንድን ሰው ይገልጻል፤ ግን በዚያው ቅጽበት ይደመድምበታል። የጃጀ ሰው የሚናገረው ነገር እንደ ነገር አይቆጠርም። የጤና ባለሙያው ይህን ቃል ከቤቱ ይዞት የመጣው ነውና፣ በመማሪያ መጽሐፍ «ዲሜንሺያ» የሚለውን ስም ቢያነብ ብቻ አሮጌው ድምዳሜ ከአእምሮው አይፋቅም።

በሌላው ዓለምም ቢሆን ነገሩ የተጀመረው ከመነጋገር ሳይሆን ከመጠየቅ ነው። በ1901 መጨረሻ በፍራንክፈርት ከተማ ሐኪሙ አሎይስ አልዛይመር አውጉስተ ዴተር የተባለችውን የ51 ዓመት ሴት ሲመረምር ጥያቄውንና መልሷን ቃል በቃል መዝግቦ ነበር። ስሟን፣ የባሏን ስም፣ ያለችበትን ቦታ ይጠይቃታል፤ ዕቃ እያሳየ ስሙን እንድትነግረው ያደርጋል። መልሷ ከጥያቄው ጋር አይገጥምም፤ በመካከሉ ግን ራሷን እንዳጣች ትናገራለች። ሴቲቱ በ1906 ሞተች፤ አልዛይመር በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በቱቢንገን ስለ አንጎሏ ምርመራ ገለጻ አደረገ፤ በ1910 ኤሚል ክሬፔሊን በመማሪያ መጽሐፉ ሕመሙን በአልዛይመር ስም ጠራው። የምዝገባ ፋይሏ በ1995 ከፍራንክፈርት ቤተ መዛግብት ተገኝቷል። ስለዚህ የሕመሙ የመጀመሪያ ሰነድ ጥያቄና መልስ ነው ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ጠያቂው የሚፈልገው ስሕተቱን እንጂ ተናጋሪዋን አልነበረም፤ ምርመራ ነውና ሌላ ሊሆን አይችልም ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት ብዙ ዓሥርት ዓመታት ሐኪሞችና ነርሶች በጥንቃቄ የተማሩት ይህንኑ ጥያቄ ነው። ከጥያቄው በኋላ ከዚያው ሰው ጋር እንዴት እንደሚኖር፣ እንዴት እንደሚታጠብ፣ እንዴት እንደሚመገብ፣ እንዴት እንደሚሰናበቱት ያስተማራቸው አልነበረም።

ሙያን በማስመሰል ማስተማር ከዚህ ሁሉ የቆየ ነው። በፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 15ኛ በ1759 ያሠማሯት አዋላጅ አንጀሊክ ዱ ኩድሬ ከጨርቅና ከቆዳ የተሠራ የማሕፀንና የሕፃን አምሳያ ይዛ በየክፍለ ሀገሩ እየዞረች በሺህ የሚቆጠሩ የገጠር ሴቶችን አሠልጥናለች። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1960፣ የኖርዌዩ አሻንጉሊት ሠሪ ኦስሙንድ ሌርዳል ለትንፋሽ ማገገሚያ ትምህርት የሚያገለግለውን አምሳያ ሠራ። የእርሱ ኩባንያ ወራሾች ያዘጋጁትና ማማ ናታሊ የሚባለው አምሳያ በኢትዮጵያም በወሊድ ሥልጠናዎች ላይ ታውቋል። አሠልጣኟ አምሳያውን በሆዷ ላይ ታጥቃ እንደ ወላዷ ታምጣለች፣ ትፈራለች፣ ትጠይቃለች። የጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርሶች እንግዲህ ምስለ ታካሚን ያውቁታል፤ ስሙ ብቻ ነው አዲስ የሚሆንባቸው።

ጤነኛ ሰው ታማሚን ሆኖ እንዲጫወት በሥርዓት ያሠለጠነው የመጀመሪያው ሰው ሃዋርድ ባሮውስ ነው። በሎስ አንጀለስ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሐኪም የነበረው ባሮውስ በ1963 አንዲት የሠዓሊያን ሞዴል የነበረች ሴት መልቲፕል ስክለሮሲስ ያለባትን ሽባ ታካሚ እንድትሆን አስጠናት። ታሪኳን፣ የእግሯን ድካም፣ የምትመልስበትን አኳኋን ሁሉ አጠናች፤ ተማሪው መርምሯት ከወጣ በኋላም ያደረገውን ትመዘግባለች። በሚቀጥለው ዓመት ከስቲቨን አብርሃምሰን ጋር ሥራውን አሳተመ። ብዙዎች የሆሊውድ ጎረቤትነት ያመጣው ጨዋታ ነው ብለው አፌዙበት። የባሮውስ ምክንያት ግን ቀላል ነበር፤ መምህሩ ተማሪው በታካሚው ፊት የሚያደርገውን አያይም፤ የሚሰማው ተማሪው ወጥቶ የሚነግረውን ብቻ ነው። በ1975 ሮናልድ ሃርደንና ባልደረቦቹ በስኮትላንድ ዳንዲ ያቀረቡት፣ ዛሬ በኢትዮጵያ የጤና ተማሪዎች ዘንድ «ኦስኪ» ተብሎ የሚታወቀው ባለ ብዙ ጣቢያ ፈተና ምስለ ታካሚን በዓለም ሁሉ አሠራጨው። ፈተና ያሠራጨው ነገር እንደ ፈተና መታየቱ አልቀረም፤ ተማሪው ምስለ ታካሚ ፊት ሲቆም ነጥብ የሚቆጥር ሰው ፊት የቆመ ይመስለዋል። ለመርሳት ሕመም ሥልጠና ይህ ስሜት እንቅፋት ነው፤ ነጥብ የሚያሳድድ ሰው ይቸኩላልና።

የመርሳት ሕመም ካለበት ሰው ጋር ምን ተብሎ እንደሚነገር መጀመሪያ መልስ ለመስጠት የሞከሩት አሜሪካውያን ነበሩ። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በጀምስ ፎልሶም መሪነት በጦር ጉዳተኞች ሆስፒታሎች የዳበረው ዘዴ ታካሚውን ወደ እውነታው መመለስ ይል ነበር፤ ቀኑ በሰሌዳ ይጻፋል፣ የቦታው ስም ይደጋገማል፣ ስሕተቱ ይታረማል። በክሊቭላንድ የአረጋውያን መኖሪያ ትሠራ የነበረችው ናኦሚ ፋይል ግን ከ1960ዎቹ ጀምሮ ይህ እርማት ሰውየውን እንደሚያስቆጣው ወይም ዝም እንደሚያሰኘው አስተዋለች። ሟች እናቱን የሚጣራው ሽማግሌ እናቱ መሞቷን ቢነግሩት ለቅሶውን አዲስ ያደርጉበታል እንጂ አያሳርፉትም። ፋይል ከንግግሩ በስተጀርባ ያለውን ስሜት መቀበል የሚለውን ዘዴዋን በ1982 በመጽሐፍ አወጣች። በእንግሊዝ የብራድፎርዱ ቶም ኪትውድ በ1997 ባሳተመው መጽሐፉ ነገሩን ወደ ሰውነት ክብር ጥያቄ አሳደገው፤ ታማሚውን የሚጎዳው የአንጎሉ መበላሸት ብቻ ሳይሆን በፊቱ እንደሌለ ሆኖ መነገሩ ጭምር ነው አለ። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ከ«እርሳቸው» ወደ «እሷ» የሚደረገውን መውረድ ኪትውድ ቢሰማው ኖሮ ስም ይሰጠው ነበር።

ከዚህ በኋላ ሥልጠናው ሁለት መንገድ ያዘ። አንዱ ሠልጣኙን ራሱን ታማሚ ማድረግ ነው፤ የሚያደበዝዝ መነጽር፣ ወፍራም ጓንት፣ በጆሮ የሚንጫጫ ድምፅ ይሰጠውና ተራ ሥራ እንዲሠራ ይታዘዛል። በአሜሪካ ፒ.ኬ. ቤቪል ያሠራጨችው የዚህ ዓይነት ጉብኝት ብዙ ሠልጣኞችን አስለቅሷል። ሐዘኔታ ግን ችሎታ አይደለም። ከመነጽሩ የወጣ ነርስ አዝኖ ይወጣል፤ ከቁስሏ ላይ ፋሻውን የምትፈታውን እናት ምን ብሎ እንደሚያናግር አልተማረም።

ሁለተኛው መንገድ በእንግሊዝ ኖቲንግሃም የተሠራው ነው፤ እስከ አሁን ካሉት ሁሉ ለጤና ባለሙያው የቀረበውም ይኸው ሳይሆን አይቀርም። የአረጋውያን ሐኪሙ ሮዋን ሃርዉድ፣ የንግግር ተመራማሪዋ አሊሰን ፒልኒክና ባልደረቦቻቸው በሆስፒታል ክፍሎች ውስጥ በመርሳት ሕመም ተጠቂዎችና በባለሙያዎች መካከል የተደረጉ 41 ግንኙነቶችን በቪዲዮ ቀርጸው ቃል በቃል መረመሩ፤ ውጤቱም በ2018 ታተመ። ከመጻሕፍት ምክር ይልቅ የተመለከቱት ጥሩ ባለሙያዎች በእርግጥ የሚያደርጉትን ነው። ሁለት ነገሮች ጎልተው ወጡ። የመጀመሪያው ጥያቄን የሚመለከት ነው። እንግሊዛዊ ጨዋነት ልመናን ያለሰልሳል፤ «ምናልባት ይችሉ ይሆን?» ይላል። የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው ለዚህ «አልችልም» ብሎ ይመልሳል፤ በሩ ተከፍቶለታልና። ድርጊቱን ግልጽ፣ ትንሽና ቀላል አድርገው፣ እርዳታም ጨምረው የጠየቁት ግን የበለጠ ተሳካላቸው። ሁለተኛው ስንብትን ይመለከታል። «ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?» የሚለው የተለመደ መዝጊያ ለታማሚው መዝጊያ ሆኖ አይሰማም፤ አዲስ ወሬ ይከፍታል፤ ባለሙያው እግሩ በር ላይ ሆኖ ይጨነቃል። ሥራው ማለቁንና ቀጥሎ የሚሆነውን በግልጽ መናገር የተሻለ ነው።

ከዚህ ግኝት ሁለት ቀን የሚወስድ ሥልጠና ተዘጋጀ። ተዋንያኑ ቃላቸውን ያጠኑት ከቪዲዮዎቹ ነው፤ የሚያቆሙበት ቦታ፣ የሚደጋግሙት ሐረግ፣ እምቢ የሚሉበት ድምፅ ሁሉ ከእውነተኛ ታማሚ የተወሰደ ነበር። ሠልጣኙ ይሳሳታል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይሞክራል። እውነተኛ ታማሚ ላይ ይህን ማድረግ አይቻልም፤ ምስለ ታካሚ የሚያስፈልግበትም ዋና ምክንያት ይህ ነው። ከሥልጠናው በኋላ የሠልጣኞቹ እውቀትና በራስ መተማመን ጨምሮ ታይቷል፤ ከተማሩት አነጋገር ጥቂቱንም ይበልጥ ሲጠቀሙ ታይተዋል። የተለካው ግን የሠልጣኙ ለውጥ እንጂ የታካሚው ዕረፍት አለመሆኑን መዘንጋት አይገባም።

በኢትዮጵያ የአእምሮ ጤና ሥልጠና ለረጅም ዘመን በአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ዙሪያ የቆየ ነው። በ1980ዎቹ የሥነ አእምሮ ነርሶች ሥልጠና በዚያ ተጀምሮ ነርሶቹ ወደ ክፍለ ሀገር ሆስፒታሎች ወጡ፤ የስፔሻላይዜሽን ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2003 ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተጀመረ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ባወጣው፣ ስፔሻሊስት ላልሆኑ ባለሙያዎች በተዘጋጀው የአእምሮ ጤና መመሪያ ውስጥ የመርሳት ሕመም የራሱ ምዕራፍ አለው፤ የሥልጠና ሰነዶቹም የሚና ጨዋታ ይጠቀማሉ። ነገር ግን በጉራጌ ሶዶ ወረዳ በጤና ጣቢያዎች የተሞከረው ፕራይም የተባለው ፕሮጀክት የመረጣቸው ሕመሞች ከባድ የአእምሮ ሕመም፣ ድባቴ፣ የሚጥል በሽታና የአልኮል ችግር ነበሩ። የመርሳት ሕመም አልነበረበትም። ምርጫው በጊዜው ትክክል ነበር ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ቢሆንም አረጋውያኑ መምጣታቸውን አላቆሙም። በዓለም ላይ ከሕመሙ ጋር ይኖራሉ ተብለው በ2021 ከተገመቱት ከ55 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ያሉ ናቸው።

የውጭውን ሥልጠና እንዳለ ተርጉሞ ማምጣት ግን አያዋጣም፤ ከጥያቄው ጀምሮ ይፈርሳል። በ1975 ፎልስታይንና ባልደረቦቹ ያዘጋጁት የታወቀ የአእምሮ ፈተና ቀኑን፣ ወሩን፣ ሕንፃው ስንተኛ ፎቅ መሆኑን ይጠይቃል፤ ዓረፍተ ነገር ያስጽፋል። ፊደል ያልቆጠሩ የወገራ አሮጊት ቀኑን በቁጥር ላያውቁት ይችላሉ፤ «ጊዮርጊስ ከነገ ወዲያ ነው» ካሉ ግን ወሩ 21 መሆኑን ከሐኪሙ ቀድመው ነግረውታል። ሙስሊሟ እናት ከጁምዓ፣ ሁሉም ደግሞ ከገበያው ቀን ይቆጥራሉ። ይህን የማይሰማ መርማሪ ጤነኛዋን ታማሚ ያደርጋል። በ1993 ካትሊን ሆልና ሂዩ ሄንድሪ ያወጡት፣ በኋላም በናይጄሪያ ኢባዳን የተሠራበት መጠይቅ ትምህርት ላልነበራቸው ሰዎች የተበጀና የቤተ ሰቡን ቃል የሚጨምር በመሆኑ ለዚህ አገር የቀረበ ነው።

በሌላ በኩል አማርኛ ለኖቲንግሃሞቹ ያስቸገራቸውን ነገር በገዛ ራሱ ሰዋስው ፈትቶታል። እንግሊዝኛ ትእዛዝን ለማክበር ወደ ጥያቄ ሊለውጠው ይገደዳል። አማርኛ ክብሩን ከግሱ ጋር ስላጣበቀው አያስፈልገውም። «እግርዎን ወደዚህ ያድርጉልኝ» የሚለው አነጋገር ግልጽ ነው፣ ትንሽ ነገር ይጠይቃል፣ ለእምቢታ በር አይከፍትም፤ ሆኖም ከአክብሮቱ የጎደለ የለም። «-ልኝ» የምትለዋ ቅጥያ ደግሞ ታማሚዋን ውለታ ዋይ ታደርጋቸዋለች። አደጋው ሌላ ቦታ ነው፤ ይህ አክብሮት የሚጸናው ሰውየው እስኪጃጅ ድረስ ብቻ መሆኑ። ስለዚህ ለጎንደር ሠልጣኝ የሚያስፈልገው አዲስ ቃል ሳይሆን የሚያውቀውን ቃል በማይጠብቀው ቦታ መጠበቅ ነው።

ምስለ ታካሚዋን ማን ይሁን የሚለው ቀላል ጥያቄ አይደለም። በአማርኛ «ማስመሰል» ከግብዝነት ጋር የተቆራኘ ቃል ነው፤ ወጣት ተማሪ ሽማግሌ ሆኖ ሲንቀጠቀጥ ደግሞ ክፍሉ ይስቃል፤ በሳቁ ውስጥ «ጃጀ» የሚለው ፍርድ ተመልሶ ይገባል። በዕድሜ የገፉ፣ ራሳቸው እናታቸውን ወይም ባላቸውን በዚህ ሕመም ያስታመሙ ሴት ቢመረጡ ይሻላል። ለሚያሳዩት ሁሉ ከማስታመማቸው የተረፈ ቃል አላቸው፤ ጨዋታው ሲያልቅ ከሚናው ወጥተው «ስትቆም ፈራሁህ፤ ስትቀመጥ ልቤ ተመለሰ» ማለት ይችላሉ። አስታማሚነታቸው ገና ትኩስ የሆነ ግን አይጠየቁም። ከጨዋታው በኋላ ያለው ውይይትም እንደ ቀድሞው የቡድን ሥልጠና ጤና መኮንኑን፣ ነርሱንና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን በአንድ ክፍል ቢያስቀምጥ ነገሩ ይሟላል፤ ቤቱን የምታውቀው ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናትና።

ለእንዲህ ያለ ሥልጠና የሚሆን አንድ ትዕይንት ከደጋው ኑሮ መውሰድ አያስቸግርም። እናትየው የእግር ቁስል ሊታጠብላቸው ተቀምጠዋል። ልጃቸው ካርድ ልታወጣ ወጥታለች። ድንገት ይነሣሉ፤ «ልሂድ፤ ጥጃው ላሚቱን ጠብቶ ይጨርሳታል» ይላሉ። የመጀመሪያው ሠልጣኝ «እማማ፣ እዚህ ላም የለም፤ ጤና ጣቢያ ነው ያሉት» ይላል። ምስለ ታካሚዋ ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ በር ይሄዳሉ፤ ሠልጣኙ ክንዳቸውን ይይዛል፤ ይጮኻሉ። ጨዋታው ይቆማል። ሁለተኛዋ «ጥጃውን ልጅዎ አስራዋለች» ትላለች። ይቀመጣሉ፤ ግን ሐሰት ነውና ቡድኑ ብዙ ይከራከርበታል፤ መከራከሩም ተገቢ ነው። ሦስተኛው ወንበሩን ስቦ ከእግራቸው አጠገብ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። «ላምዎ ምን ዓይነት ናት?» ይላል። «ዳለቻ ናት» ይላሉ፤ ቀጥሎም ወተቷን፣ የሰጣቸውን አባታቸውን፣ ክረምቱን ያወራሉ። እርሱም ውኃውን ወደ ራሱ እያስጠጋ «እግርዎን ወደዚህ ያድርጉልኝ» ይላል። እግራቸውን ይዘረጋሉ። ልጅቱ ካርዱን ይዛ ስትመለስ ባለሙያው ቀና ብሎ ወደ እርሷ አይዞርም፤ «እማማ፣ ልጅዎ መጣች» ይላቸዋል፤ ፋሻውንም መጠቅለሉን ይቀጥላል።